የመኪናው አንገት

ናስር የመኪና አንገት ሆኖ የተቀጠረበት ሁለት ዓመት ሊሞላ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ እኛ ሦስት አሮጊቶች ከባቲ ፒካፕ አስነስተን ወደ በረሃው ወረድን።

መኪኖቹ ሾፌር ከተውት ቆይተዋል። አርባ አርባ ሆነው፣ አንዱ የሌላውን ጭራ ተከትሎ፣ ከባሕር ወደ ደጋ፣ ከደጋ ወደ ባሕር ይመላለሳሉ። ግመልም ሰውም ይጨፈልቃሉ። ድሮ ሕዝቡ ድንጋይ ይዞ ወጣና «ደማችንን ከማን እንጠይቅ? ብረት ይታሰራል ወይ?» አለ። ብረት አንገት የለውም። እንግዲያውስ አንገት ይቀጠርለት ተባለ። ከአርባዎቹ በፊተኛው ጋቢና ውስጥ አንድ ሰው ይቀመጣል። መሪ አይይዝም፤ ፍሬን የለውም፤ ሥራው መቀመጥ ነው። መኪናው ሰው ከገደለ እሱ ወርዶ ለባለ ደም፣ ለሟቹ ተበቃይ፣ ይሰጣል። ሕጉ የወጣ ቀን ባቲ በእልልታ ቀለጠች። እኔም እልል ብያለሁ። ዛሬ አልክድም።

ፈቲያ የናስር እናት ናት። ፒካፑን የምትነዳውም እሷ ናት። ባሏ ሾፌር ነበር፣ ሾፌር የሚባል ነገር በነበረ ጊዜ። ዘምዘም ሰሌን ሻጭ ናት፤ ባሏን ቀብራለች፣ ልጅ አልወለደችም። እኔ ይመኙሻል ጨው ሻጭ ነኝ። ባቲ ገበያ፣ በአንድ ዳስ ሥር፣ ሰኞ ሰኞ አርባ ሁለት ዓመት ተቀምጠናል። ናስር የተወለደው እዚያው ዳስ ውስጥ ነው፤ ምጡ ገበያ መሃል መጣና እትብቱን የቆረጥኩት እኔ ነኝ፣ ጆንያ በምቀድበት ቢላ። ፊደል አልቆጠርኩም። ሰው ግን አነባለሁ።

መንገዱ የኔ ሐሳብ ነበር። አባቴ የጨው ነጋዴ ነበር፤ ከበረሃ የሚመለሰውን ሰው አንድ ቀን መንገድ ወጥተው ካልተቀበሉት፣ እቤቱ ቢገባም ግማሹ እዚያው ይቀራል ይል ነበር። «ሄደን እንቀበለው» አልኩ። ፈቲያ ልጇን ሁለት ዓመት አላየችም፤ አንገት ከጋቢና አይወርድምና። የናስር መኪኖች ከነገ ወዲያ ጠዋት ሰባኛው ኪሎ ላይ ያልፋሉ፣ ማታ ኮምቦልቻ ይገባሉ፣ እሱም ወርዶ ነፃ ሰው ይሆናል። በመካከል ሰው ካልሞተበት።

«ኮምቦልቻ ብንጠብቀው ምን ነበረበት?» አለች ዘምዘም ፒካፑ ላይ ስትወጣ፣ ሁለት ሰሌን አዝላ።

«አንቺ ቅሪ፣ ማን ያዘሽ?» አልኳት።

«እኔ ከቀረሁ ማን ያስቁምሽ?»

ዘምዘም እንዲህ ናት። ገበያ ውስጥ ወንድ ከወንድ ጩቤ ሲማዘዝ ሻሿን ፈትታ መሃላቸው የምትጥለው እሷ ነበረች። እናት የጣለችውን ሻሽ ረግጦ የሚያልፍ ወንድ በአገራችን የለም። የተጣላው ጩቤውን ይከታል፤ ሻሹን ያነሳና መልሶ ራሷ ላይ ያስራል፤ ነገሩ በዚያ ያበቃል። አራት ጊዜ ሲሆን በዓይኔ አይቻለሁ። አንዴማ ጠመንጃ ተተኩሶ የጆሮዋን ጫፍ ይዞባት ሄደ። ንቅንቅ አላለችም። በዚያች በጎደለች ጆሮዋ ስትኮራብን ኖረች።

የምንሄደው በፒስታው፣ በአፈሩ መንገድ ነው፣ አስፋልቱ የመኪኖቹ ነው። ከረፋዱ አራት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ፀሐይ ሰው ትገድላለች፤ ስለዚህ በጠዋት እንነዳለን፣ ቀትር ላይ እንደ ፍልፈል መሬት ውስጥ እንገባለን። ከሚሌ ወዲያ ጥላ በደቂቃ ይሸጣል። ሰዎቹ ጃንጥላ ዘርግተው ሰዓት ይይዛሉ፤ ደቂቃሽ ሲያልቅ ጃንጥላው እጥፍ ይላል፣ አሮጊት አይል እርጉዝ አይል።

የብረት ግመሎች አየን። ጨው ጭነው፣ ገመድ ለገመድ ተያይዘው አንድ ኮረብታ ሲዞሩ ይውላሉ። ከከተማ የመጡ ሰዎች መነጽራቸውን አድርገው ያዩዋቸዋል። ጨውን ቀመስኩት። «ይሄ ጨው አይደለም፣ ኖራ ነው» አልኩ። አንዷ ወጣት «እማማ፣ አይቀመስም፣ ለማየት ነው» አለችኝ። «ለማየትማ አንቺም አለሽ» አልኳት።

ቀጥሎ የድሮ ሾፌር የሚያሳዩበት ቦታ ነበር። ለሁለት የተቆረጠ ጋቢና ውስጥ አንድ ሽማግሌ አስቀምጠዋል። መሪ ያዞራል፣ ጥሩምባ ያስጮሃል፣ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ «አንተ በግ! መንገዱ ያባትህ ነው?» ብሎ ይሳደባል። ሕዝቡ ይስቃል። ፈቲያ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች፣ ከዚያ እንባው ሳይቆም ሳቁ ቆመ። ባሏም እንደዚያ ነበር የሚሳደበው።

በማግስቱ ከሰዓት እውነተኛ ግመሎች የሚነዳ አንድ የአፋር ሽማግሌ አገኘን፤ ሁመድ ይባላል። አባቴም ከእነሱ ጋር ይነግድ ስለነበር ልማዳቸውን አውቃለሁ፤ መንገደኛ ከመንገደኛ ሲገናኝ ቁጭ ብሎ ዜና ይጠያየቃል፣ ዳጉ ይሉታል፤ ያየኸውን ሁሉ ሳትጨምር ሳትቀንስ ትናገራለህ። በዳጉ የዋሸ ሰው ውሃ አያገኝም። ከፒካፑ ወርደን አሸዋው ላይ ተቀመጥን። የደጋውን ዝናብ ጠየቀን፣ የሞተውን፣ የተወለደውን ጠየቀን። በተራችን ጠየቅነው።

«ከባሕሩ በኩል የሚመጡትን የወንድሜ ልጅ አይቷቸዋል» አለ። «ፊተኛው ውስጥ ከሲታ ልጅ አለ። ቀይ ፎጣ አንገቱ ላይ አድርጓል። በሕይወት አለ። ነገ ፀሐይ ሳትጠና ሰባኛው ኪሎ ይደርሳል።»

ፎጣውን የሰጠችው ፈቲያ ናት። የሽማግሌውን እጅ ያዘች፣ ሳመችው።

ሁመድ ሲነሳ ወደ አስፋልቱ በበትሩ እያሳየ «እናቶች፣ እዚያ ላይ እግራችሁን አታሳርፉ» አለን። «እኛ ዘንድ ዜና ሳይጠይቅ የሚያልፍ መንገደኛ ሰው አይደለም። እነዚህ ጠይቀው አያውቁም።»

ሰባኛው ኪሎ የደረስነው አመሻሹ ላይ፣ ፀሐይ ገና ሳትጠልቅ ነው። ኩርባ አለ፤ ከኩርባው አጠገብ ሜዳ፤ ሜዳውን የከበበ የብረት አግዳሚ፤ በላዩ ጥላ። ለስላሳ ይሸጣሉ፣ ቆሎ ይሸጣሉ። አንገቶቹ ለባለ ደም የሚሰጡት እዚህ ነው። መሃል ላይ በእንጨት የተሰቀለች ሳጥን አለች፤ ሚዛን ይሏታል። በሚዛኗ ሥር አንድ የብረት ዘንግ።

የዚያን ዕለት አንድ ነበረ። ወንድሙ የሞተበት ጎልማሳ ቆሟል፤ የመኪናው አንገት፣ መላጣ ሰውዬ፣ ተንበርክኳል። ይቅርታ የለም። ድሮ ነበረ፤ የመኪኖቹ ጌቶች ከድሃ ላይ ይቅርታ እየገዙ አስቸገሩ ተብሎ በሕግ ተከለከለ። ባለ ደሙ «ረክቻለሁ» ማለት አለበት፣ እውነቱን መሆኑን የምታውቀው ሚዛኗ ናት። ዘንጉን ጥሎ ከሄደም አግዳሚው ላይ ያለው ሕዝብ ይወርዳል፤ ያኔ ለቀብር የሚበቃ አይተርፍም።

ጎልማሳው ዘንጉን ሳያነሳ «ረክቻለሁ» አለ።

«አልረኩም» አለች ሚዛኗ፣ በለሰለሰ የአዲስ አበባ ሴት ድምፅ። «እባክዎ ይቀጥሉ።»

መታው። «ረክቻለሁ!»

«አልረኩም። እባክዎ ይቀጥሉ።»

መላጣው መጀመሪያ ይለምን ነበር፣ ቀጥሎ ይጮህ ነበር፣ ቀጥሎ ጥርሱን ከአፉ እየለቀመ መሬት ላይ ያስቀምጥ ጀመር፣ መልሶ እንደሚፈልጋቸው ሁሉ። ከስድስተኛው በኋላ ድምፁ ጠፋ። ከዚያ ሚዛኗ ሳትጠየቅ «ረክተዋል» አለች። ጎልማሳው አልሰማትም። ሲመታ፣ ሲመታ፣ ሁለት ሰዎች ከኋላው አቅፈው አነሱት። አሸዋ አምጥተው ደፉበት። ከአጠገባችን አንዲት እናት ለልጇ ቆሎ ታሻለች።

ፈቲያ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ዘምዘም ግን ቁጭ ብላ አየች፣ ከዚያ ወደኔ ዞረች።

«መታወቂያ ስናወጣ ባለ ደምሽ ማነው ሲሉኝ አንቺን ነው ያስጻፍኩት።»

«ምነው? ሰው አጣሽ?»

«ካለነው ሁሉ የማትምሪው አንቺ ነሽ።»

«አበጀሽ» አልኳት። ሳቅን። ወላሂ ሳቅን።

በማግስቱ ጠዋት ከኩርባው ዳር፣ ከአስፋልቱ አሥር ክንድ ርቀን፣ የዘምዘምን አንዱን ሰሌን አንጥፈን ተቀመጥን። ፈቲያ ለናስር ያመጣችው በቅቤ የታሸ የገብስ ጩኮ በሳህን፣ ክዳን ተደርጎበት፣ ጉልበቷ ላይ ነው። እንደማትሰጠው ታውቃለች። መስኮቱ አይከፈትም።

አቧራው ከሩቅ ተነሳ። ምድሩ ከሥራችን ነዘረ።

«ፊቱን ብቻ ባየሁት» አለች ፈቲያ። «እንዲህ ሲበሩማ ምኑን አየዋለሁ? ትንሽ እንኳ ቀስ ቢሉ።»

«ሻሼን ብጥልላቸውስ?» አለች ዘምዘም።

አሁን የምናገረውን የተናገርኩት እኔ ነኝ፤ ሌላ ሰው አልነበረም። «ያንቺ ሻሽ የሚያስቆመው የባቲን ሰካራም ነው» አልኳት። «እሱም ድሮ፣ ወገብ በነበረሽ ጊዜ። ሻሽሽ ጡረታ ወጥቷል።»

አርባ ሁለት ዓመት የተነጋገርነው እንደዚህ ነው። የኔ ምላስ ይወጋል፣ የሷ ይመልሳል፣ ከዚያ ምሳ እንበላለን። ያን ቀን ግን ሰሌኑ ላይ እጇን ተደግፋ ተነሳች። ሽንቷን ልትሸና መሰለኝ። አሥሩን ክንድ ሄደች፣ አስፋልቱ መሃል ላይ ቆመች፣ ሻሿን ፈታች። ሽበቷ እንደ ጥጥ ነበር። የጎደለች ጆሮዋ ታየች።

«ዘምዘም!» አለች ፈቲያ።

ሻሹን ዘርግታ ጣለችው። አረንጓዴ ነበር። ቀጥ ብላ ቆመች፣ ያን ጊዜ ጠመንጃው ፊት እንደቆመችው።

መኪናው አልፈጠነም፣ አልቀነሰም። ድምፁ የጨው ጆንያ ከትከሻ ሲወረወር ያለው ነው፣ ሌላ የምመስልበት የለኝም። ከፊተኛው ኋላ ሠላሳ ዘጠኝ አለ። ሁሉም በዚያው መስመር አለፉ። ጆንያ ስቆጥር የኖርኩ ነኝና ሳልፈልግ ቆጠርኩ። ሻሹ ከአንዱ ጎማ ላይ ተጠመጠመ፤ ብቅ ይላል፣ ይጠልቃል፣ ብቅ ይላል። አርባኛው ካለፈ በኋላ ሁሉም በአንድ ላይ ቆሙ። ሕጉ እንዲህ ነው፤ ከገደሉ በኋላ ይቆማሉ።

የፊተኛው በር ተከፈተ። ናስር ወደቀ ማለት ይቀላል፤ ሁለት ዓመት የተቀመጠ እግር ምን ይሸከማል? በእጁ መሬቱን ተደግፎ ቀና አለ፣ እናቱን አየ።

«እማ!» አለ። «ልትቀበሉኝ መጣችሁ?»

ገና አልገባውም ነበር።

ከአግዳሚው ሰው ሮጠ። ለስላሳ በእጁ የያዘም ሮጠ። ናስርን አንስተው ሜዳው መሃል አንበረከኩት፣ ቀይ ፎጣውን ፈትተው ጣሉለት። እኔ አስፋልቱ ላይ ነበርኩ፤ በሰሌን የሚሰበሰበውን እየሰበሰብኩ። ሚዛኗ ስሜን ጠራች። «ወይዘሮ ይመኙሻል፣ የወይዘሮ ዘምዘም ባለ ደም እርስዎ ነዎት። ሐዘንዎን እንጋራለን። ወደ ሜዳው ይምጡ።»

እጄ ደም እንደነካው ሄድኩ። ፈቲያ ከኋላዬ ቀሚሴን ይዛ ትከተለኛለች።

«እትብቱን የቆረጥሽው አንቺ ነሽ» ትለኛለች። «ይመኙ፣ እትብቱን የቆረጥሽው አንቺ ነሽ።»

«ዝም በይ፣ አውቃለሁ።»

ዘንጉን ሳልነካ ሚዛኗን ቀና ብዬ አየኋትና «ረክቻለሁ» አልኳት፣ ገበያ ላይ እንደምጮኸው አድርጌ።

«አልረኩም፣ ወይዘሮ ይመኙሻል። እባክዎ ይቀጥሉ።»

አግዳሚው ተንጫጫ። አንዳንዱ መውረድ ጀመረ። ዘንጉን ካላነሳሁ ምን እንደሚሆን ትናንት ሰምቻለሁ። አነሳሁት። ከባድ አይደለም፤ ለአሮጊትም እንዲሆን አድርገው ነው የሠሩት።

«እማ ይመኙ» አለ ናስር። ሲወለድ የነበረው ዓይን ነው ያለው።

«አየሃት?» አልኩት።

«ሻሿን አየሁ። ጮህኩ፤ ማን ይሰማኛል? መስታወቱን በጭንቅላቴ መታሁት…» ግንባሩ አብጧል፣ እውነቱን ነው። «ከዚያ ዓይኔን ጨፈንኩ።»

«ጨፈንክ?»

«ምን ላድርግ፣ እማ ይመኙ?»

ምን ማድረግ ይችል ነበር? ምንም። አውቃለሁ። መሪ የለው፣ ፍሬን የለው። ግን «ጨፈንኩ» ያለው ቃል ሆዴ ውስጥ ገባ። እሷ ጥይት ሲመጣባት አልጨፈነችም፤ እሱ ለእሷ ይጨፍናል? መታሁት። ትከሻው ላይ፣ ቀስ ብዬ ነው የመታሁት ብዬ ነበር። አጎነበሰ።

«ረክቻለሁ።»

«አልረኩም። እባክዎ ይቀጥሉ።»

ሚዛኗን ጠላኋት። የጠላኋት ስለዋሸች አልነበረም። ሁለተኛውን ክንዱ ላይ አሳረፍኩ፤ እንጨት ስንጥቅ ሲል ሰማሁ፣ እንጨት ግን አልነበረም። ናስር እንደ ልጅ ጮኸ። ፈቲያ መሬቱን በጥፍሯ ትቧጥጣለች። እኔ ውስጤ አንድ ነገር ሲከፈት ይታወቀኛል። ጡረታ የወጣ ሻሽ። ወገብ በነበረሽ ጊዜ። ቃሉ የወጣው ከኔ አፍ ነው፣ አፌን ግን በዘንግ መምታት አልችልም፤ ፊቴ ያለው እሱ ነው።

ሦስተኛው ጉልበቱ ላይ አረፈ። እዚህ ላይ ሁሉም ነገር በአንድ ትንፋሽ ሆነ። ጉልበቱ ወደማይታጠፍበት ታጠፈ። ፈቲያ ሻሿን ከራሷ ነጥቃ ወረወረችው። ሚዛኗ «ረክተዋል» አለች። ሻሹ እኔና እሱ መካከል አረፈ፣ ነጭ፣ ዳሩ ላይ ሰማያዊ ጥልፍ ያለው። እጄ ዘንጉን ለቀቀ።

አግዳሚው ላይ የነበሩት አንድ ሁለት ሽማግሎች ባርኔጣቸውን አነሱ። ሌላው ሰው ምን እንደሆነ አልገባውም፤ ያለቀ መስሎት መኪና ላይ ቦታ ለመያዝ ሄደ። አርባዎቹ መኪኖች ሌላ አንገት ተጭኖላቸው ተነሱ።

ፈቲያ ልጇን አቅፋ ሻሿን አላነሳችም። ልማዱ ነው፤ የሚያነሳው እጁን የሰበሰበው ሰው ነው። አነሳሁት። መልሼ ራሷ ላይ ላስርላት ጎንበስ ስል «አትንኪኝ» አለች።

ሁመድ ከሁለት ዘመዶቹ ጋር ቀትር ሳይሆን ደረሰ። ዜናው ደርሶታል። ናስርን በእንጨትና በጨርቅ አሰሩት፣ ዘምዘምን በሁለተኛው ሰሌኗ ጠቅልለው ከፒስታው ዳር ቀበሯት፤ ፊቷን ወደ ቂብላ፣ ጎኗን ወደ አስፋልቱ። ከዚያ ሁመድ ከፊቴ ተቀመጠ፣ በትሩን ጉልበቱ ላይ አጋደመ፣ ዳጉ ጠየቀኝ። ምላሴን ነገርኩት። ሻሹን ነገርኩት። አርባውን ነገርኩት። ሦስቱን ዘንግ ነገርኩት።

«ከዚያስ?» አለ።

«ከዚያ እናቱ ሻሽ ጣለች፣ ተውኩ።»

ብዙ አየኝ። ውሃ ሰጠኝ፣ ተነሳ።

ወደ ባቲ የነዳችው ፈቲያ ናት። ከኋላ ናስር ሲያቃስት፣ ከፊት እኔና እሷ፣ መሃላችን የዘምዘም ቦታ። ጩኮው ሳህን ውስጥ ደረቀ።

አሁን ናስር የዘምዘምን ቦታ ይዞ ሰሌን ይሸጣል። ጉልበቱ አይታጠፍም፣ እግሩን ዘርግቶ ነው የሚቀመጠው። «እማ ይመኙ፣ ምሳ በላሽ?» ይለኛል እንደ ድሮው። ልጅ ምን ያውቃል? ፈቲያ ከዳሱ ወጥታ ከበርበሬ ተራ ተቀመጠች። ያን ያህል ሰው መሃል በየሰኞው ባዶ ራሷን ነው የምትመጣው። ገበያተኛው ያያታል፣ ከዚያ እኔን ያየኛል።

አንድ ሰኞ ሻሹን አጥቤ፣ አጣጥፌ ይዤላት ሄድኩ።

«ልሰርልሽ?» አልኳት።

ቀና ብላ አላየችኝም። በርበሬዋን እየለቀመች «መጀመሪያ ንገሪኝ» አለች። «ያረካሽ ሻሹ ነው ወይስ ጉልበቱ?»

ምላሴን ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ለዳኛም ለቄስም አጥሮኝ አያውቅም። ሻሹን እንደታጠፈ ይዤ ተመለስኩ። ጨው በማስቀምጥበት ሳጥን ውስጥ፣ ከላይ ነው ያለው።

ሚዛኗ «ረክተዋል» ስትል ሻሹ ገና አየር ላይ ነበር።